ሽሪምፕን ከዓሦች ጋር በአንድ አኳሪየም ማኖር፦ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ በቤታቸው ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሽሪምፕ ከዓሦቼ ጋር ባስገባ ይበሉብኛል ወይስ አብረው ይኖራሉ?» ተስማሚው ዓሣ ከተመረጠና ሽሪምፖቹ ቀድመው ከገቡ አብረው ይኖራሉ። ሆኖም ሽሪምፕ ካለቀባቸው ጠያቂዎች አብዛኞቹ ሽሪምፖቻቸውን ያጡት በዓሣ ተበልተውባቸው አይደለም፤ አኳሪየሙ ሳይደላደል (ውኃውን የሚያጣሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሳይራቡበት) ስላስገቧቸው ወይም ውኃው በድንገት ስለተለወጠባቸው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ወደ ዓሦቹ ከመድረሱ በፊት በውኃው ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል፤ እርስዎም ቅደም ተከተሉን ጠብቀው እንዲሄዱ አደራ እላለሁ።

የትኛውን ሽሪምፕ እንምረጥ?

መመሪያው የተዘጋጀው ቼሪ ሽሪምፕ ለሚባለው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ ለሆነው ዝርያ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ ሆነው የሚሸጡት በአብዛኛው የዚሁ ዝርያ ልዩ ልዩ ቀለሞች ናቸው። ቁመቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ዓመት ነው፤ የሚራባውም በጨው አልባ ውኃ ውስጥ ነው። ክሪስታል የሚባሉት ሽሪምፖች ለስላሳና ወደ አሲድነት ያዘነበለ ውኃ ስለሚፈልጉ ለጀማሪ አልመክራቸውም። አማኖ የሚባለው ዝርያ ጠንካራና አልጌ በመብላት የተመሰገነ ቢሆንም፣ እጮቹ ለማደግ ጨዋማ ውኃ ስለሚያሻቸው በቤት አኳሪየም ውስጥ አይራባም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ40 ሊትር ያላነሰ የመስታወት አኳሪየም ከነክዳኑ። 45 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። በመስታወት ቤት የሚያሠሩት ከሆነ ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስታወትና ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ሲሊኮን ይጠይቁ፤ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ሻጋታ ተከላካይ ሲሊኮን በውኃ ውስጥ መርዝ ይለቃል።
- የስፖንጅ ማጣሪያ ከአየር ፓምፕ ጋር፤ ከተቻለም በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ።
- ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ባለ 50 ዋት ማሞቂያና ቴርሞሜትር።
- አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት፣ ፒኤች (የውኃው አሲድነት ልክ) እና የውኃ ክብደት (በውኃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን) የሚለካ መመርመሪያ።
- ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ደቃቅ ጠጠር፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው የሚበቃ።
- ጃቫ ሞስ ወይም ሌላ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድግ የውኃ ተክል፣ ጥቂት የእንጨት ሥር ወይም ድንጋይ።
- ለአኳሪየሙ ብቻ የሚያገለግሉ 2 አዲስ የፕላስቲክ ባልዲዎች።
- ከፋርማሲ የሚገዛ፣ ያልተሠራበት የግሉኮስ መስጫ ቱቦ።
- ደርቆ የረገፈ የዘይቱን ቅጠል፣ ኬሚካል ካልተረጨበት ዛፍ የተለቀመ።

ባልዲዎቹን በሚመለከት ጠንከር ብዬ የምናገረው ነገር አለ። በብዙ ቤት አንዱ ባልዲ ለልብስ፣ ለወለልና ለሁሉም ያገለግላል። የሳሙና፣ የበረኪና ወይም የእንዶድ ቅሪት ያለበት ባልዲ ምንም ያህል ቢለቀለቅ ለሽሪምፕ አይታመንም። በላዩ ላይ ምልክት ያድርጉበትና የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ያድርጉ።

አሠራሩ

1. ቦታውን ይምረጡ። ውኃ፣ መስታወትና ጠጠር ተደምረው ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ ማስቀመጫው የማይንገዳገድና ላዩ ደልዳላ መሆን አለበት፤ ወጣ ገባ በሆነ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መስታወት በማዕዘኑ በኩል ይሰነጠቃል። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር አያስቀምጡት፤ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ አልጌም ይወረዋል። ቡና በሚፈላበትና እጣን በሚጨስበት ጥግ አጠገብ ደግሞ የአየር ፓምፑን አያኑሩት። ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ወደ ውኃው ስለሚያስገባ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ጭስና ማንኛውም የሚረጭ ነገር አብሮ ይገባል። በወሎ ቤት እጣን የማይጨስበት ቀን ስለሌለ፣ ጭሱ ከማይደርስበት ክፍል ረዘም ባለ ቱቦ አየር መሳብ የተሻለ ነው።

2. ጠጠሩን አጥበው ይፈትሹ። የጠራ ውኃ እስኪወጣው ድረስ ያለ ሳሙና ይጠቡት። ከዚያ ጥቂት አንስተው አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራነት አለው ማለት ነው፣ ውኃውንም ቀስ በቀስ ያከብደዋል። ቼሪ ሽሪምፕ መጠነኛ ክብደት ስለሚስማማው ጥቂት አረፋ የሚያስፈራ አይደለም፤ በኃይል የሚፈላውን ግን ይተዉት። አሸዋና ጠጠር ከወንዝ የሚያመጡ ከሆነ፣ ከከተማና ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ካለው የቦርከና ወንዝ ክፍል ፈጽሞ አይውሰዱ። ብረታ ብረትና ኬሚካል በአሸዋው ላይ ተጣብቆ ሊቆይ ስለሚችል በማጠብ ብቻ አይጠራም።

3. ውኃውን ያዘጋጁ። የቧንቧ ውኃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪኑ የሽሪምፕን ስንጥብ ያቃጥላል፣ በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይጨርሳል። ውኃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰዎች የሚያስቀምጡት በጄሪካንና በሮቶ ነው፤ ብዙዎችም «ሦስት ቀን የቆየ ውኃ ነው» ብለው በእርግጠኝነት ይጨምሩታል። ችግሩ ክዳኑ የተዘጋ ጄሪካን ውስጥ ክሎሪኑ የሚወጣበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ውኃውን አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ገልብጠው፣ ከአቧራ በስስ ጨርቅ ሸፍነው፣ ከተቻለም በአየር ፓምፕ እያናፈሱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩት። ክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ካገኙ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። ውኃ አጋር ወይም ሌላ የውኃ ማከሚያ የተጨመረበትን ውኃ ለዚህ ሥራ አይቅዱ።

ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃን በሚመለከት በክረምት ብዙ ጥያቄ ይመጣል። አልመክረውም። የዝናብ ውኃ ሽሪምፕ ቅርፊቱን የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዚየም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነት እንስሳት መርዝ ነው። ከመዳብ ቱቦ ወይም ከቦይለር የሚወጣ ሙቅ ውኃም እንዲሁ ይቅር፤ ዓሣ የሚችለው የመዳብ መጠን ሽሪምፕን ይገድላል።

4. አኳሪየሙን ያደላድሉ። ጠጠሩን፣ ተክሉን፣ እንጨቱንና ማጣሪያውን አስገብተው ውኃ ይሙሉና ፓምፑን ሳያቋርጡ ያሠሩት። ከዚያ ምንም እንስሳ ሳያስገቡ በ2 ቀን አንድ ጊዜ ቁንጥር የዓሣ መኖ ይጨምሩ። መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥቂቱም ቢሆን ገዳይ ናቸው፤ ናይትሬት ግን እስከ 20 ሚሊግራም በሊትር ድረስ ሽሪምፕ ይችለዋል፣ ተክሉም ይመገበዋል። ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ሥራቸውን እስኪችሉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በደሴ ብርድ ያለ ማሞቂያ ከሆነ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል፤ ቅዝቃዜ የባክቴሪያዎቹን መራባት ያጓትታል።

በዚህ ጊዜ መስታወቱ፣ ድንጋዩና እንጨቱ ላይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ስስ ሽፋን ይይዛል። እባክዎን አይፈግፍጉት። ሽሪምፕ ቀኑን ሙሉ በእግሮቹ እየለቀመ የሚበላው ይህንኑ ነው፤ ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዋናነት የሚኖሩትም በእርሱ ነው። ከፊት ለፊት ያለውን መስታወት ብቻ ለማየት ያህል ያጽዱ።

5. ይለኩ። ሽሪምፕ ከማስገባትዎ በፊት የሚከተሉት መሟላት አለባቸው፦ አሞኒያ 0፤ ናይትራይት 0፤ ናይትሬት ከ20 በታች፤ ፒኤች ከ6.5 እስከ 8፤ ጠቅላላ የውኃ ክብደት ከ6 እስከ 12 ዲግሪ፤ የካርቦኔት ክብደት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ ሙቀት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ። አሞኒያና ናይትራይት በአንድ ቀን ዜሮ ስላሳዩ ብቻ አይቸኩሉ፤ መኖ ጨምረው በማግስቱም፣ በሳምንቱም ዜሮ ከሆኑ ያኔ አኳሪየሙ ደልድሏል።

ስለ ሙቀት ጥቂት ልጨምር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቤት ውስጥ ያለ ውኃም ከ18 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሽሪምፕ በዚያ ብርድ ወዲያው ባይሞትም መብላቱና መራባቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማሞቂያውን 22 ላይ ያድርጉት። በኮምቦልቻ፣ ከዚያም በታች በከሚሴና በባቲ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በኋላ ውኃው ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ክዳኑን ገለጥ ማድረግ፣ በውኃው ገጽ ላይ ቬንቲሌተር ማዞርና የመብራቱን ሰዓት ማሳጠር ያስፈልጋል። ክዳኑ ሲገለጥ ሽሪምፕም ዓሣም እንዳይዘል በስስ መረብ ይሸፍኑት።

ከፍታው ከብርዱ ሌላም ነገር ያመጣል። በደሴ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ 9 ሚሊግራም በሊትር የሚሆነው በደሴ 7 እንኳ አይሞላም። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ «ለዚህ መጠን አኳሪየም ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የሚሰጠው ቁጥር ለእኛ ከተሞች የሚበዛው ስለዚህ ነው። ቁጥሩን በሩብ ይቀንሱ፣ የአየር ፓምፑም ሌሊትና ቀን ይሥራ።

6. ሽሪምፖቹን በጥንቃቄ ያጓጉዙ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ብርሃንንና ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማበርን ብርድ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ሙቀት ይወርዳል። በአንድ ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ መፈራረቅ ለሽሪምፕ ከባድ ነው። ወፍራም ላስቲክ በድርብ ይጠቀሙ፤ አንድ ሦስተኛውን በሚኖሩበት ውኃ፣ ቀሪውን በአየር ይሙሉ፤ ነገር ግን ላስቲኩ ተወጥሮ እንዲነፋ አያድርጉት፤ መኪናው ወደ ጣርማበር ሲወጣ ውጫዊው ግፊት ስለሚቀንስ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ የተወጠረ ላስቲክም ሊፈታ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ሽሪምፖቹ የሚይዙት ትንሽ የሞስ ቁራጭ ይጨምሩላቸው። ላስቲኮቹን በስታይሮፎም ሣጥን፣ ካልተገኘ በጋቢ በተጠቀለለ ካርቶን ውስጥ አኑረው ከእግርዎ ሥር ይያዙ እንጂ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወይም ከሞተር አጠገብ አያስቀምጧቸው። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ሳይመገቡ እንዲቆዩ ሻጩን ይጠይቁ፤ ኩሳቸው በላስቲኩ ውስጥ አሞኒያ እንዳይሆን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሽሪምፕ ይበቃል። ትልልቆቹን ብቻ አይምረጡ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ገና በማደግ ላይ ያሉት ጉዞውንም አዲሱን ውኃም ይበልጥ ይቋቋማሉ።

7. በጠብታ ያላምዷቸው። ይህ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው እርምጃ ነው። ላስቲኩን በአኳሪየሙ ላይ አንሳፈው ለ20 ደቂቃ ያህል ሙቀቱ እንዲመሳሰል ያድርጉ። ከዚያ ሽሪምፖቹን ከነውኃቸው ወደ ንጹሕ ባልዲ ያዛውሩ። የግሉኮሱን ቱቦ አንዱን ጫፍ በአኳሪየሙ ውስጥ፣ ሌላውን በባልዲው ላይ አድርገው ውኃው መውረድ ሲጀምር በመቆጣጠሪያው በሰከንድ 2 ጠብታ እንዲሆን ያስተካክሉት። የባልዲው ውኃ በ2 ሰዓት ገደማ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በሁለቱ ውኃዎች መካከል ያለው የማዕድን መጠን ልዩነት በድንገት ሲያገኛቸው ሽሪምፖች ያለ ጊዜያቸው ቅርፊታቸውን ስለሚጥሉና ብዙዎቹም በዚያው ስለሚሞቱ ነው። ሲጨርሱ በመረብ እያነሱ ያስገቧቸው፤ የመጡበትን ውኃ ግን ወደ አኳሪየሙ አይገልብጡ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተደብቀው ቢቆዩና ቀለማቸው ቢገረጣ አይደንግጡ። በጥቂት ቀናት ይመለሳል።

8. ሽሪምፖቹን ለብቻቸው ያቆዩ። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች እስኪታዩ ድረስ ምንም ዓሣ አያስገቡ። ሴቷ ለመፀነስ ስትደርስ ከአንገቷ ጀርባ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ኮርቻ መሰል ምልክት ይታያል፤ ከተገናኘች በኋላ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ እንቁላሎች ከሆዷ ሥር ተሸክማ እያራገበች ለ4 ሳምንት ገደማ ትቆያለች፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ይረዝማል። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሆነው መልካቸው ከእናታቸው ጋር አንድ ነው። ዓሣ የማይደርስበትን የሞሱን ጉያ፣ የድንጋዩን ሥርና የጠጠሩን ስንጥቅ የሚያውቅ ትውልድ የሚፈጠረው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ዓሦቹ ኋላ ከገቡ በሽሪምፖቹ ግዛት እንግዳ ይሆናሉ፤ ቀድመው ከገቡ ግን አዲስ የሚመጣውን ሽሪምፕ ሁሉ እንደ መኖ ይቆጥሩታል።

9. አብሮ የሚኖረውን ዓሣ ይምረጡ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ዓሣ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይበላል። ስለዚህ የሚመዘነው የዓሣው «ጠባይ» ሳይሆን የአፉ ስፋት ነው።

ያለ ሥጋት የሚገቡት፦ ኦቶሲንክለስ የሚባለው አልጌ በል ትንሽ ዓሣ፣ አኳሪየሙ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ፤ ከታወቀ ሻጭ የተገዙ የአኳሪየም ቀንድ አውጣዎች፤ እንዲሁም አማኖ ሽሪምፕ።

ትልልቆቹን የማይነኩ፣ ጫጩቶችን ግን የሚለቅሙ፦ ጉፒ፣ ኢምበር ቴትራ፣ ትንንሽ ራስቦራዎች፣ ድንክ ኮሪዶራስና ዋይት ክላውድ። ሞሱ ጥቅጥቅ ካለ የሚተርፉት ጫጩቶች ቁጥሩን ለማስቀጠል ይበቃሉ። ለደሴ ዋይት ክላውድን አስቀድማለሁ፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሚመቸው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በመሆኑ ማሞቂያው በመብራት መጥፋት ቢቆም እንኳ አይጎዳም። ለኮምቦልቻ ጉፒ ይሻላል፤ ወንዶቹን ብቻ ቢገዙ ደግሞ ያለ ልክ መራባቱ ይቀራል። በ40 ሊትር ውስጥ ከ5 እስከ 6 የሚሆኑ እንደዚህ ዓይነት ዓሦች በቂ ናቸው።

ፈጽሞ የማይገቡት፦ ጎልድፊሽ፣ ኤንጀልፊሽ፣ ኦስካርና ሌሎች ሲክሊዶች፣ ባርብ፣ ጎራሚ፣ ሎችና ክሬይፊሽ። ቤታ አንዳንዱ ይተዋል፣ አንዳንዱ አንድ በአንድ ይጨርሳል፤ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ይቅር። ተራው ፕሌኮ ሽሪምፕ አሳዳጅ ባይሆንም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግ ለ40 ሊትር አይሆንም። ከሐይቅ የሚመጣ የቆሮሶ ወይም የአምባዛ ጫጩት ስለሚያምርና በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙዎች ያስገቡታል። ሁለቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ሽሪምፕ መዋጥ የሚችሉ ይሆናሉ፤ ከዱር የተያዘ ዓሣም ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል።

የተመረጡትን ዓሦች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ2 ሳምንት ልዩነት ጥቂት ጥቂት ያስገቡ፤ የማጣሪያው ባክቴሪያ ለተጨመረው ኩስ እስኪበቃ ጊዜ ይፈልጋል። መብራቱን አጥፍተው፣ ዓሦቹንም አስቀድመው መግበው ያስገቧቸው። የጠገበና ጨለማ ያገኘው ዓሣ አደን አይጀምርም።

10. በልክ ይመግቡ። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን፣ በአንድ ጊዜ በ2 ሰዓት ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ይስጡ፤ የተረፈውን ያውጡ። ለአፍታ በፈላ ውኃ የተነከረ ቆስጣ፣ ካሮት ወይም ዝኩኒ ይወዳሉ። አትክልቱ ፀረ ተባይ በሚረጭበት የመስኖ እርሻ የበቀለ ከሆነ ለሽሪምፕ አይስጡ፤ ማጠብ ሁሉንም አያስወግድም። ታጥቦ የፈላ የዘይቱን ቅጠል አንድ ሁለት ከሥር ይተዉላቸው፤ ቀስ እያለ ሲበሰብስ ለጫጩቶቹ የማያልቅ ግጦሽ ይሆናል። ዘይት፣ ጨው ወይም በርበሬ የነካው የሰው ምግብ፣ እንጀራም ዳቦም አይገባም። ዓሦቹን ለየብቻ በላይኛው ገጽ ላይ የሚንሳፈፍ መኖ ይስጡ፤ የተራበ ዓሣ የሽሪምፕ ጫጩት ፍለጋ ሞሱን ያስሳል።

11. ውኃውን በጥቂቱ ይለውጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ከመቶ፣ ማለትም ከ40 ሊትር ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሊትር፣ ይበቃል። አዲሱ ውኃ ክሎሪኑ የወጣለትና ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር የተመሳሰለ ይሁን፤ ቀስ ብሎ በቀጭኑ እንዲወርድ ያድርጉት። ስፖንጁን በወር አንድ ጊዜ በወጣው አሮጌ ውኃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት። በቧንቧ ውኃ ካጠቡት በውስጡ ያለው ባክቴሪያ በክሎሪኑ ይሞትና የመጀመሪያውን ወር ሥራ እንደገና ይጀምራሉ። ነጭ ባዶ ቅርፊት ካዩ አያውጡት፤ ሽሪምፕ ሲያድግ የሚጥለው ነው፣ ማዕድኑንም መልሰው ይበሉታል። የሞተ ሽሪምፕ ግን ሥጋው እንደተቀቀለ ሁሉ ወደ ሮዝነት ወይም ወደ ደፍራሳ ነጭነት ስለሚለወጥ ይለያል፤ እርሱን ወዲያው ያውጡ።

12. መብራት ሲጠፋ። በባትሪ የሚሠራውን ፓምፕ ይሰኩ። ከሌለ በየግማሽ ሰዓቱ በንጹሕ ኩባያ ውኃ እየቀዱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ መልሰው ያፍስሱ፤ ውኃው በአየር ውስጥ ሲያልፍ ኦክሲጅን ይዞ ይመለሳል። በደሴ ሌሊት ከሆነ አኳሪየሙን ጎንና ጎኑን በጋቢ ይሸፍኑ፣ ላዩን ግን ይተዉ። መኖ አይስጡ። መብራት ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ስፖንጁን ያሽቱ፤ የበሰበሰ ሽታ ካለው በአሮጌ ውኃ ለቅለቅ አድርገው ይመልሱት።

ማስጠንቀቂያ

- የትንኝ፣ የዝንብና የበረሮ መድኃኒት ሽሪምፕ ባለበት ክፍል አይነፋ። እነዚህ መድኃኒቶች የተሠሩት ነፍሳትን ለመግደል ነው፤ ሽሪምፕም በአካል አሠራሩ ለነፍሳት ስለሚቀርብ እጅግ ጥቂት መጠን ይበቃዋል። በኮምቦልቻና በቆላማው አካባቢ የወባ መከላከያ ርጭት ሲመጣ ቤትዎን ማስረጨት ግድ ነውና ርጭቱን አይከልክሉ፤ ይልቁንም አኳሪየሙን ወይም እንስሳቱን በባልዲ ወደማይረጭ ቦታ አስቀድመው ያውጡ፣ ቤቱ ተናፍሶ ሽታው እስኪጠፋም አይመልሷቸው።
- ለከብትና ለበግ የመዥገር ማጥፊያ የነካ እጅ፣ ሎሽን ወይም ቅቤ የተቀባ እጅ ውኃው ውስጥ አይግባ። እስከ ክንድ በሚገባ ታጥበውና በብዙ ውኃ ተለቃልቀው ይግቡ።
- ቀንድ አውጣ በዛብኝ ብለው እንዶድ አይጨምሩ። እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ዓሣና ሽሪምፕንም ይገድላል። ወንዝ ላይ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግለው የብርብራ ፍሬም እንዲሁ ነው። ቀንድ አውጣ የሚበዛው መኖ ሲተርፍ ስለሆነ መኖውን ይቀንሱ።
- ተክልም ሆነ ቀንድ አውጣ ከወንዝ፣ ከቦይ ወይም ከሐይቅ ዳር አያምጡ። የውኃ ተርብ እጭ ከተክሉ ጋር ተደብቆ ይገባና ሽሪምፖቹን አንድ በአንድ ይበላል፤ በቆላና በወይና ደጋ ወንዞች ያሉ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ለእርስዎና ለልጆችዎ የቢልሃርዝያ ምንጭ ናቸው።
- ዓሣ ሲታመም መድኃኒት በሽሪምፖቹ መካከል አይጨምሩ። ብዙዎቹ የዓሣ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው። የታመመውን ዓሣ ወደ ሌላ ዕቃ አውጥተው ያክሙ።
- የበዛብዎትን ሽሪምፕ ወይም ዓሣ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ወይም በቦርከና አይልቀቁ። ባዕድ ዝርያና ይዞት የሚመጣው በሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ በሐይቅ የሚተዳደሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ለሚያኖር ሰው ይስጡ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

«ውኃው ጠርቷል» ብሎ በሳምንቱ ማስገባት ዋነኛው ነው። አሞኒያና ናይትራይት አይታዩም፤ ጥራት የዓይን ጉዳይ ነው፣ ደኅንነት የመለኪያ።

አኳሪየሙን በወር አንዴ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ማጠብ ደግሞ ለጎልድፊሽ ሳሕን ከተለመደው አሠራር የመጣ ነው። ሽሪምፕን የሚገድለው ቆሻሻው ሳይሆን ይህ ዓይነቱ ጽዳት ነው። ከትልቅ የውኃ ለውጥ በኋላ ባሉት ቀናት ከአንገቱ ጀርባ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ያወጣ ሽሪምፕ ካዩ፣ ቅርፊቱ በትክክል ሳይከፈት ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ እርሱን ማዳን አይቻልም። የቀሩትን ለማዳን ግን የሚለውጡትን ውኃ መጠን ይቀንሱ፣ የውኃውንም ክብደት ይለኩ፤ ከ6 ዲግሪ በታች ከሆነ ለሽሪምፕ ተብሎ የተዘጋጀ ማዕድን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ።

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሽሪምፖችን አንድ ላይ ማስገባት አይገድላቸውም። ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ዝርያ በመሆናቸው እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላም አብዛኞቹ ቡናማና ጥርት ያለ ቀለም የሌላቸው ይሆናሉ። ቀለሙ እንዲጸና ከፈለጉ አንድ ቀለም ብቻ ያኑሩ።

ኃይለኛ ማጣሪያን ያለ መሸፈኛ መጠቀም ጫጩቶቹን ሁሉ ያስጠባል። የስፖንጅ ማጣሪያ ካልተገኘ የመምጠጫውን አፍ በደቃቅ ስፖንጅ ይሸፍኑት።

በመጨረሻም፣ ሽሪምፖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው ከተሰበሰቡ ወይም መስታወቱን ተከትለው እየተጣደፉ ከዋኙ፣ የኦክሲጅን እጥረት ወይም መርዝ አለ ማለት ነው። አስቀድመው አየር ይጨምሩ፣ ከዚያ አሞኒያና ናይትራይትን ይለኩ። ከሁለቱ አንዱ ከዜሮ በላይ ከሆነ 15 ከመቶውን ውኃ በቀስታ ይለውጡ፣ መኖ ያቁሙ፣ በማግስቱም እንደገና ይለኩ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ በዚያ ቀን በቤቱ ውስጥ ምን እንደተረጨ፣ ምን እንደተቀባ፣ እጁንም ማን እንዳስገባ ይጠይቁ።